ከጥሬ ወደ ዱቄት፦ የቤተ እስራኤል ገበታ በያቭኔ፣ በገደራና በቂርያት መላኺ

ያቭኔ፣ ገደራና ቂርያት መላኺ በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ የተጎራበቱ፣ ዕድሜያቸው ግን እጅግ የተራራቀ ከተሞች ናቸው። ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ስትወድቅ ራቢ ዮሐናን ቤን ዘካይ የሕግ ትምህርት ቤታቸውን የተከሉት በያቭኔ ነበር። ገደራን በ1884 ከሩሲያ ግዛት የመጡ የ«ቢሉ» ማኅበር ወጣቶች መሠረቷት። ቂርያት መላኺ በ1951 ለአዲስ ገቢዎች የተዘጋጀች ጊዜያዊ ሰፈር ሆና ተጀመረች፤ ስሟንም ያገኘችው ገንዘብ ካዋጡላት የሎስ አንጀለስ አይሁዶች ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ሦስቱም ከጎንደር፣ ከስሜንና ከትግራይ መንደሮች የፈለሱ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ቤተሰቦች በብዛት የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው፤ ቂርያት መላኺ እንዲያውም ከነዋሪዋ ብዛት አንጻር የኢትዮጵያውያን ድርሻ ጎልቶ ከሚታይባቸው አንዷ ናት። የእነዚህ ቤተሰቦች የጤና ታሪክ ሲነሣ የተለመደ አተራረክ አለ፦ የስኳር በሽታን በስም እንኳ የማያውቅ ገበሬ እስራኤል ገባ፣ የማያውቀውን ምግብ በላ፣ ታመመ። ነገሩ ከሐሰት ይልቅ ጎደሎ ነው። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ባቄላ ለቤተ እስራኤል አዲስ አልነበሩም፤ በእስራኤልም ገበያ ሞልተው ነበር። የእህሉ ስም አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንጀት ዘንድ የሚደርስበት መልክ ነው፦ ጥሬነቱ ወይም ዱቄትነቱ፣ የቦካበት ጊዜ፣ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ ሆኖ መበላቱ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የቤተ እስራኤልን የምግብ ታሪክ በእህል ዓይነት ብቻ ከማንበብ ይልቅ በእህል አሠራር ማንበብ ብዙ የማይገጥም የሚመስለውን ነገር ያገጣጥማል የሚል ነው።

ለዚህ መነሻው በደምቢያ፣ በወገራና በስሜን የነበረው የገበሬና የእጅ ጥበበኛ ቤት ገበታ ነው። የእህል ሥራ በሁለት ይከፈል ነበር። አንደኛው እህሉ ሳይፈርስ የሚበላበት ነው፦ ገብስና ሽምብራ ተቆልቶ ቆሎ፣ ስንዴና ባቄላ ተቀቅሎ ንፍሮ፣ ባቄላ ተቆልቶና ተነክሮ አሹቅ፣ አተር በውኃ ርሶ ጎንቆል ሲያወጣ በቆልት ይሆናል። ስንዴ ተከክቶ ቂንጬ ሲሆንም ፍሬው ይሰበራል እንጂ አይደቅም። ሁለተኛው የዱቄት ሥራ ነው፦ በወፍጮና በመጅ የተፈጨው ለእንጀራ፣ ለዳቦ፣ ለገንፎ፣ ለበሶና ለሽሮ። ሴቶች ተንበርክከው በድንጋይ የሚፈጩት ዱቄት ደቃቁና ሻካራው የተደባለቀ፣ ገለባውና ሽሉ ያልተለየው ነው፤ ጤፍማ ከትንሽነቱ የተነሣ ሊፈተግ እንኳ ስለማይችል ሁልጊዜም ከነልባሱ ይበላል። በዚህ ላይ ሃይማኖቱ የራሱን ሥርዓት ጨመረበት። ከፋሲካ በፊት ባሉት ቀናት እርሾ የነካው ሁሉ ይቀርና የተቆላ ሽምብራ ይበላል፤ በበዓሉም ያልቦካ ቂጣ በየጊዜው ይጋገራል። ቅዳሜ እሳት ስለማይነድ ዓርብ የተዘጋጀው ዳቦና ወጥ በማግስቱ ቀዝቅዞ ይቀርባል። ሥጋ ለበዓልና ለእንግዳ ነበር፤ የዘወትሩ ጉልበት የሚመጣው ከእህልና ከጥራጥሬ ነው። ይህን ገበታ ማንም በጤና መርሐ ግብር አላወጣውም። ያወጡት ድህነት፣ ድንጋይ፣ እንጨትና ሕግ ናቸው፤ ውጤቱ ግን ጥርስና ሆድ ብዙ የሚሠሩበት ምግብ ነበር።

መልኩ ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት አንዲት የሽምብራ ፍሬ ትበቃለች። በማጉያ መነጽር ሲታይ የሽምብራ ውስጥ በጥቃቅን ሕዋሳት የተሞላ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ ታተመ ጎተራ ነው፤ በውስጡ የስታርች እንክብሎች በፕሮቲን ተከበው ተቀምጠዋል፣ ግድግዳውም የሰው ኢንዛይም ሊፈታው የማይችለው አሰር ነው። ሽምብራው ሳይፈጭ ሲቀቀል ሕዋስን ከሕዋስ ያያያዘው ማጣበቂያ ይሟሟል፤ ፍሬው ይለሰልሳል፣ በጣት ሲጫኑትም ይፈረከሳል። የሚለያዩት ግን ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው ነው፤ ግድግዳቸው በአብዛኛው ሳይቀደድ ይቀራል። ስለዚህ ስታርቹ በትንሹ አንጀት ውስጥ ቀስ እያለ ይፈታል፣ ከፊሉም ሳይፈታ ትልቁ አንጀት ደርሶ ለባክቴሪያዎች ቀለብ ይሆናል። ያው ሽምብራ ደርቆ ከተፈጨ በኋላ ሲቀቀል ነገሩ ይገለበጣል፤ ድንጋዩ ወይም ብረቱ ግድግዳውን ቀድሞ ቀዶታልና ስታርቹ ውኃ እንዳገኘ ያብጣል፣ ኢንዛይሙም ያለ ከልካይ ያገኘዋል። እንግዲህ ቀቅሎ መፍጨትና ፈጭቶ መቀቀል አንድ አይደሉም። በ1986 የወጡ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ሥራዎች የጥራጥሬ ስታርች አዝጋሚነት በዋናነት ከሕዋሱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚህ ሚዛን አንጻር የእስራኤሉ ሑሙስ ተቀቅሎ የላመ በመሆኑ ወደ ንፍሮ ይጠጋል፤ የእኛው ሽሮ ደግሞ ተፈጭቶ የሚሠራ በመሆኑ ወደ ዱቄት ይጠጋል። ሽሮ በዚህ ምክንያት መጥፎ ምግብ አይሆንም፤ ፕሮቲኑም አሰሩም አለው። ነገር ግን «የአገር ቤት ምግብ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ሁሉ በሆድ ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ እንደማይሠሩ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ይህ ሐሳብ በሳይንስ ዓለም ቦታ እስኪያገኝ ጊዜ ወስዷል። ቀደም ሲል በኡጋንዳ የሠሩት ሐኪሞች ዴኒስ በርኪትና ሂዩ ትሮዌል በ1970ዎቹ የምዕራቡ ዓለም ብዙ በሽታዎች ከአሰር ማነስ የመጡ ናቸው ብለው አስተማሩ፤ ብዙዎች ከዚህ የተረዱት አሰር በግራም ተቆጥሮ በማንኪያ ፍሩሽካ የሚካስ ነገር መሆኑን ነበር። በብሪስቶል የነበሩት ኬኔት ሂተንና ባልደረቦቻቸው በ1977 ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ሙከራ ግን ጥያቄውን ወደ መልክ አዞረው። ለ10 ሰዎች 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የያዘ ፖም በሦስት መልክ ሰጡ፦ እንዳለ፣ ተፈጭቶና ተጨምቆ። እንዳለ የሆነውን ለመብላት 17 ደቂቃ፣ የተፈጨውን 6 ደቂቃ፣ ጭማቂውን ለመጠጣት አንድ ደቂቃ ተኩል ፈጀ። የተፈጨው ፖም እንዳለ ከተበላው ጋር እኩል አሰር ነበረው፤ ሆኖም ያጠግብ የነበረው ያነሰ፣ በደም ውስጥ ያስነሣው ኢንሱሊንም የበዛ ሆነ። ያው ቡድን በ1988 ስንዴንና በቆሎን በተለያየ ድቀት ፈጭቶ አበላ፤ ዱቄቱ በደቀቀ ቁጥር የኢንሱሊኑ ምላሽ ከፍ አለ። በ2015 በለንደን ካትሪና ኤድዋርድስና ባልደረቦቻቸው 2 ሚሊ ሜትር መጠን ያለው የስንዴ ክክ ገንፎንና የደቃቅ ዱቄት ገንፎን ሲያወዳድሩ ሻካራው የስንዴ ሕዋስ ሳይፈርስ ትንሹን አንጀት አልፎ ሲወጣ አዩት፤ የደም ስኳሩም ከደቃቁ ያነሰ ነበር። የቂንጬና የፉርኖ ዱቄት ልዩነት ማለት ይኸው ነው።

ወደ እስራኤል ስንመለስ፣ ኢትዮጵያውያን ከመድረሳቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ተመሳሳይ ነገር በሌሎች ላይ ታይቶ ነበር። በ1961 የኢየሩሳሌሙ ሐኪም ኤ. ኤም. ኮኸን ከሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሣራ ባቭሊና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ከየመን የመጡ አይሁዶችን መረመሩ። ገና በገቡት መካከል የስኳር በሽታ 0.06 በመቶ ብቻ ሲሆን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በኖሩት መካከል 2.9 በመቶ ደርሶ ተገኘ። ኮኸን ጣታቸውን የቀሰሩት በስኳር ላይ ነበር፤ የመናውያኑ በአገራቸው ካርቦሃይድሬትን የሚያገኙት በሞላ ጎደል ከስታርች ነበርና። ከዚያ በኋላ የመጣው ተራ የቤተ እስራኤል ነው። በዘመቻ ሙሴ፣ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ፣ 8,000 ያህል ሰው በሱዳን በኩል ገባ፤ በዘመቻ ሰሎሞን በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ። ዲያቤቲስ በተባለው መጽሔት በ1988 የታተመ ጥናት እስራኤል ከገቡ ገና ጥቂት ዓመት የሆናቸውን ወጣት ኢትዮጵያውያን መርምሮ 9 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የስኳር በሽታ እንዳለባቸው አመለከተ። ዕድሜያቸው ከ30 በታች፣ ሰውነታቸውም ቀጭን ለሆነ ሰዎች ይህ አስደንጋጭ ቁጥር ነው። በየመናውያን ላይ ሩብ ምዕተ ዓመት የፈጀ የመሰለው ለውጥ በኢትዮጵያውያን ላይ የጥቂት ዓመታት ነገር ሆኖ ታየ።

በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ገበታው ላይ የሆነውን ለመረዳት የቂርያት መላኺን የመሰሉ ከተሞች ምን ዓይነት የምግብ ሥርዓት ይዘው እንደቆዩ ማወቅ ይጠቅማል። አገሪቱ በቁጠባ በኖረችበት በ1950ዎቹ ሩዝ ለለመዱ ስደተኞች ሩዝ ስለጠፋ፣ ኦሴም የተባለው ኩባንያ በጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ጉሪዮን ጥያቄ ፕቲቲምን ሠራ። ፕቲቲም የስንዴ ሊጥ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ፣ በሩዝ መጠን ተቆራርጦ በምድጃ የታመሰ ነው፤ ለዓይን ጥሬ ይመስላል፣ ለሆድ ግን ዱቄት ነው። ዳቦውም በመንግሥት የዋጋ ቁጥጥር ሥር የቆየው ነጩና «ጥቁር» የሚባለው ተራ ዳቦ ነበር፤ ሙሉ ስንዴ ዳቦ ለረጅም ዘመን ከቁጥጥሩ ውጭ ሆኖ በውድ ይሸጥ ነበር። በ1991 የገቡት ቤተሰቦች መጀመሪያ በሆቴሎችና በመርከዝ ክሊታ (በአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል) የጋራ ምግብ ቤት፣ ቀጥሎም በካራቫን ሰፈር የቆዩ ሲሆን፣ በ1993 በተጀመረው ልዩ የቤት ብድር አማካይነት ብዙዎቹ ርካሽ አፓርታማ ወደሚገኝባቸው ከተሞች ተዛወሩ፤ ሦስቱም ከተሞች ከእነዚህ መካከል ናቸው። በአራተኛ ፎቅ አፓርታማ ውስጥ ወፍጮና ሙቀጫ ቦታ የላቸውም። ቆሎ ለመቁላት ጊዜና ጭስ ይጠይቃል፤ ፋብሪካ ውላ ወይም ቤት ስታጸዳ ውላ የምትመለስ እናት ሁለቱንም የላትም። ጤፍ ከገበያ በጠፋበት ዘመን እንጀራ በነጭ የስንዴ ዱቄት፣ ብዙ ጊዜም ራሱ በሚነፋው ዱቄት ተጋገረ፤ ይህ ዱቄት በኬሚካል የሚነፋ ስለሆነ ለመቡካት ሦስት ቀን መቆየት አያስፈልገውም። በዚህ መንገድ ስሙ እንጀራ ሆኖ የቀጠለ፣ አሠራሩ ግን ሌላ የሆነ ምግብ ወደ መሶቡ ገባ።

የእንጀራ ነገር ጠጋ ተብሎ ሊታይ ይገባዋል፤ የክርክሩም ደካማ ጎን የሚመስለው እዚህ ላይ ነውና። በጎንደር አሠራር የጤፍ ዱቄት በእርሾ ይቦካል፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ከላይ የቀረረው ውኃ ይደፋል፣ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ አብሲት ተጥሎ ተመልሶ ይደባለቃል፤ ኩፍ ሲል በጋለ ምጣድ ላይ ተጠንቁሎ በአክንባሎ ይከደናል። ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በ1985 እንዳሳዩት በዚህ ሂደት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ዋና ድርሻ አላቸው። አሲዱ ደግሞ ከጣዕም በላይ ሥራ አለው፤ በስዊድን ሉንድ ኢንገር ብዮርክና ባልደረቦቻቸው ላክቲክ አሲድ ያለበት ዳቦ ከሌለበት ዳቦ ያነሰ የደም ስኳርና ኢንሱሊን እንደሚያስነሣ በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ጤፍ ስኳርን ያድናል» የሚል በማኅበረሰቡ ዘንድ የሰፋ እምነት አለ። ማስረጃው ግን ይህን ያህል አይሸከምም። በ2017 ሀብቱ ሹሞይና ካትሊን ራስ በቤተ ሙከራ የጤፍ ገንፎንና እንጀራን ሲመረምሩ ስታርቹ በፍጥነት የሚፈታ መሆኑን አገኙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጤፉ ከነልባሱ ቢፈጭም በጣም ደቅቋል፣ አብሲቱም ምጣዱም ስታርቹን ሙሉ በሙሉ አብስለውታል፤ የሕዋስ ግድግዳ ይዞ የቀረ ነገር ጥቂት ነው። ይህ ግኝት ክርክሬን ያፈርሰዋል የሚል ካለ፣ እኔ ያጸናዋል እላለሁ። ጤፍ በስሙ አያድንም። የአገር ቤቱ እንጀራ የሚበላው ከምስር፣ ከአተር ክክና ከባቄላ ጋር ነበር፣ በመካከልም ቆሎና ንፍሮ ይገባ ነበር፤ ስኳሩን የሚያዘገየው ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው። ጤፉን በውድ ዋጋ ገዝቶ ቆሎውንና ንፍሮውን መተው ርካሹን መድኃኒት ጥሎ ውዱን ዕቃ መሸከም ይሆናል።

የያቭኔ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው ለመኖሪያነቷ ብቻ አይደለም። ከቤተ መቅደሱ ጥፋት በኋላ በያቭኔ ጉባኤ የተጀመረው የራቢዎች ሕግ ሲዳብር፣ ቅዳሜ እሳት ማንደድ ቢከለከልም ዓርብ የተጣደ ምግብ በእሳት ላይ እንዲያድር ፈቀደ፤ በእስራኤል ቤቶች የሚታወቀው ሐሚን፣ ዛሬም በኤሌክትሪክ ፕላታ ላይ የሚሞቀው ምግብ የዚያ ሕግ ልጅ ነው። ቤተ እስራኤል ከዚህ የሕግ ዕድገት ተለይተው ስለኖሩ የኦሪቱን ቃል በጥብቅ ያዙ፦ እሳቱ ፀሐይ ሳይጠልቅ ይጠፋል፣ ምግቡም ቀዝቅዞ ይበላል። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሃንስ ኢንግሊስትና ሌሎች ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ ከፊሉ እንደገና ይጠጥርና ለኢንዛይም የማይበገር ይሆናል፤ የቀዘቀዘ ድንች፣ ዳቦና እንጀራ ከትኩሱ ይልቅ በዝግታ የሚፈቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሰንበት ቀዝቃዛ ምግብ በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ብቻውን በሽታ አያግድም፣ ቄሶቹም ያዘዙት ለቆሽት አስበው አይደለም። ለታሪክ ጸሐፊ ያለው ዋጋ ሌላ ነው፦ የምግብ መልክ የሚወሰነው በማዕድ ቤት ብቻ ሳይሆን በሕግም ጭምር መሆኑን ያሳያል። ቤተ እስራኤል የራቢዎችን ሥርዓት ሲቀበሉ ከጸሎቱና ከበዓላቱ ጋር የሚሞቀው ፕላታም አብሮ ገባ፤ ማንም ግን ይህን የአመጋገብ ለውጥ ብሎ አልመዘገበውም።

አሁን ወደ ብርቱዎቹ ተቃውሞዎች እንምጣ። የመጀመሪያው፣ ሰውን ያሳመመው የተፈጨ እህል ሳይሆን ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ፣ በእግር መሄድ መቅረቱና የስደት ጭንቀት ነው የሚል ነው። የእያንዳንዳቸው ድርሻ ትልቅ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ በቀን ብዙ ሰዓት ሲያርስና ውኃ ሲቀዳ የነበረ ሰው በአውቶቡስ ሲሄድ ጡንቻው ስኳር ማቃጠሉን ይቀንሳል። ስኳርና ለስላሳን በተመለከተ ግን ተቃውሞው ከክርክሩ ውጭ አልወጣም። ሸንኮራ የሚያኝክ ልጅ ስኳሩን የሚያገኘው አሰሩን በጥርሱ እየፈተለ፣ መንጋጋው እስኪደክም ነው፤ ከፋብሪካ የወጣው ስኳር የዚያው ተክል ሕዋስ ሁሉ ተቀድዶ የተጣለለት ነው። ስለዚህ ስኳር የመልክ መፍረስ የመጨረሻው ጫፍ እንጂ ሌላ ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ዘር ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች በእስራኤል ያሉ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ክብደት የስኳር በሽታ እንደሚይዛቸው ስላሳዩ የተፈጥሮ ተጋላጭነት እንዳለ መገመት ተገቢ ነው። ነገር ግን ዘር በአውሮፕላን ጉዞ አይለወጥም። ተጋላጭነቱ በወገራም ነበረ፣ በገደራም አለ፤ በሽታው በአንዱ ቦታ ተኝቶ በሌላው የነቃበትን ምክንያት ለማስረዳት ከዘር ውጭ መውጣት ግድ ይላል። እንዲያውም ቆሽቱ ብዙ ጫና የማይችል ሕዝብ ከማንም በላይ ስኳሩን ቀስ ብሎ የሚለቅ ምግብ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፦ የድሮውን ገበታ ማሞገስ ረሃቡንና ጉድለቱን መርሳት ነው ይላል። እውነትም የ1984ቱ ረሃብ የብዙዎቹ ስደት ጀርባ ነው፤ ያልፈረሰ እህልም ያለ ዋጋ አይመጣም። ስኳሩን የሚያዘገየው ግድግዳ ብረቱንና ዚንኩንም ይይዛል፤ በልባሱ ያለው ፋይቴት የተባለ ውሑድ ማዕድናቱን አስሮ ወደ ደም እንዳይገቡ ያደርጋል። አናንዳ ፕራሳድ በ1961 በኢራን ሺራዝ አካባቢ ቁመታቸው የቀጨጨ ወጣቶችን አጥንተው የዚንክ እጥረትን ለዓለም ሲያሳውቁ፣ ከምክንያቶቹ ዋነኛው ሆኖ የተገኘው ያልቦካ የሙሉ ስንዴ ቂጣ ነበር። በአገራችንም በስራትና ባልደረቦቻቸው በ1980 እንዳስረዱት የጤፍ ዝነኛ ብረት ብዙው ከአውድማ አፈር የተቀላቀለ ነው፤ ታጥቦ ሲለካ ከሌሎች እህሎች ብዙም አይበልጥም። ጓያ ደግሞ የባሰ አለው፦ ረዳ ተክለሃይማኖት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እንዳሳወቁት በደምቢያና በፎገራ አካባቢ በድርቅ ዘመን ጓያን አብዝተው የበሉ ብዙ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኗል። እንግዲህ ጥሬ ሁሉ ይሻላል ማለት ስሕተት ነው። የአሮጌው ማዕድ ቤት ጥበብ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ቀልባሳ ኡርጋና ባልደረቦቻቸው በ1997 እንደለኩት የጤፍ ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ቃለአብ ባየና ባልደረቦቻቸውም በ2010ዎቹ በወሎ ቤቶች እንዳዩት የሊጡ ድብልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ስንዴና ገብስ ፋይቴትን የሚያፈርስ ኢንዛይም ከጤፍ ይበልጥ ስለያዙ። መንከር፣ ማብቀል፣ ማቡካት ማለት ግድግዳውን በብረት ሳይቀዱ በጊዜና በተህዋስያን ማለሳለስ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር፣ ያ ማዕድ ቤት አንዱን እህል ለተለያየ ሰው በተለያየ መልክ ያቀርብ እንደነበረ ነው። ሆዱ ትንሽ የሆነ ሕፃን ንፍሮ ቢሰጡት ሳይጠቅመው ይወጣል፤ ለእርሱ አጥሚት ይሠራለታል፣ ለአራስ ገንፎ፣ ለመንገደኛ በሶ፣ ጥርስ ላለው ጎልማሳ ቆሎ። አትክልትም ላይ ተመሳሳይ ሥራ አለ። በ1995 ሳስኪያ ዴ ፔና ባልደረቦቻቸው በኢንዶኔዢያ ጃቫ ባደረጉት ጥናት የሚያጠቡ እናቶች በየቀኑ ቅጠላ ቅጠል ቢጨመርላቸውም የቫይታሚን ኤ መጠናቸው አልተሻሻለም፤ ካሮቲኑ በቅጠሉ ሕዋስ ውስጥ ተዘግቶ፣ በስብም ሳይሟሟ ስለሚያልፍ ነው ተባለ። ጎመን ተከትፎ፣ ተቀቅሎ፣ በዘይት ሲቁላላ፤ በርበሬም በዘይት ሲበስልና ወጡ ሲቀላ የሚታየው ይህ ነው፦ ቀለሙ ከሕዋሱ ወጥቶ በስቡ ውስጥ ሲገባ። ለስኳር ሲባል ግድግዳው እንዲቆይ፣ ለካሮቲንና ለብረት ሲባል ደግሞ እንዲከፈት ያስፈልጋል። አንድ ሕግ ሁለቱን አይገዛም፤ የምግብ ሥራ ምርጫ እንጂ ቀኖና የማይሆነውም ለዚህ ነው። ስደት የወሰደው ትልቁ ነገር ይህ የመምረጥ ችሎታ ነው፤ ሁሉም ለሁሉም በአንድ ዓይነት ደቃቅ ዱቄት መቅረብ ጀመረ።

ዛሬ በዚህ አካባቢ የሚታዩት ምላሾች እንደየሐሳባቸው ይለያያሉ። ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው ቴነ ብሪኡት የተባለው ድርጅት ለኢትዮጵያውያን ስለ ስኳር በሽታ በራሳቸው ቋንቋ የሚያስተምርበትን መንገድ ከፈተ። በገደራ ሻፒራ ሰፈር አረጋውያን አትክልት የሚዘሩበት የጋራ ማሳ ተከፍቷል። በገደራና በያቭኔ አቅራቢያ በርሖቮት፣ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ፣ ፕሮፌሰር የሆሹዓ ሳራንጋና ባልደረቦቻቸው ለእስራኤል የአየር ጠባይ የሚሆን ጤፍ ያጠናሉ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ከ2006 ጀምሮ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክሎ ስለነበረ ይህ ጥናት ትርጉም አለው። መንግሥትም ከጥር 2020 ጀምሮ ስኳር፣ ሶዲየምና ጠጣር ስብ በበዛባቸው ምግቦች ላይ ቀይ ምልክት እንዲታተም አዘዘ። ሁሉም መልካም ናቸው፤ ሁሉም ግን የሚቆጥሩት የምግቡን ይዘት ወይም የተክሉን ስም ነው። ቀይ ምልክቱ የፕቲቲምንና የቂንጬን ልዩነት አይናገርም፤ የጤፍ ማሳውም ጤፉ ለሦስት ቀን ይቡካ አይቡካ አይወስንም። በቂርያት መላኺ ያለች የክሊኒክ ነርስ «ምን ይበላሉ?» ስትል «እንጀራ በምስር» የሚል መልስ ብታገኝ፣ ያ መልስ ሁለት በጣም የተለያዩ ምግቦችን ሊሸፍን ይችላል፦ አንዱ በራሱ በሚነፋ ነጭ ዱቄት በአንድ ሰዓት የተጋገረ፣ ሌላው በእርሾ ቦክቶ ከሙሉ ምስር ጋር የቀረበ። ጥያቄው «እንዴት ተሠራ?» ብሎ ቢቀጥል የሚገኘው መልስ ከምክር ወረቀት የበለጠ ይጠቅማል፤ መልሱን የሚያውቁትም እነዚያው እናቶችና አያቶች ናቸው። የጤፍ ዋጋ እስኪረክስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሽምብራ፣ ባቄላና ሙሉ ስንዴ በየከተማው ገበያ በከረጢት ይሸጣሉ፣ መንከርና መቀቀልም የሚጠይቁት ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ነው። ያንን ጊዜ ለሠራተኛ እናት ማግኘት የሚያስችል የጋራ ማዕድ ቤት፣ የትምህርት ቤት ምሳና የዳቦ ቤት አሠራር ማዘጋጀት ግን የከተሞቹ ሥራ ነው።